የስልክ ማዞሪያው ፕሮግራም ሲሆን፦ ድምፅን በዩኒክስ ሰርቨር ማስተዳደር

የስልክ ታሪክ በአገራችን የሚጀምረው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ፣ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክ መስመር የመዘርጋት ሥራ ተጀመረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተለውጧል፤ አንድ ነገር ግን እንዳለ ቆይቷል። ሁለት ሰዎች በስልክ እንዲነጋገሩ ከተፈለገ በመካከላቸው ሆኖ የሚያገናኝ ሦስተኛ አካል ያስፈልጋል። ይህ አካል በመጀመሪያ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለ ወደ ሌላው የሚሰካ ኦፕሬተር ነበር። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ መቀያየሪያ፣ ከዚያም ዲጂታል መሣሪያ ተተካ። ዛሬ ደግሞ የስልክ ማዞሪያ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሆኗል።

ይህ ለውጥ ለትምህርት ቤቶች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ዕድል ከፍቷል። የዩኒክስን ሀሁ የሚያውቅ ተማሪ ቀደም ሲል በብዙ ገንዘብ ይገዛ የነበረውን ማዞሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ሆኖም ማዞሪያው ወደ ተቋሙ ግቢ ሲገባ ኃላፊነቱም አብሮት ይገባል። የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የቁጥር አሰጣጥ፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪና የምሥጢር ጥበቃ ከዚህ በፊት በአመዛኙ የስልክ ድርጅቱ ሸክም ነበሩ፤ አሁን የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሥራ ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የካ ክፍለ ከተማን ለምሳሌ ወስደን፣ ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚተከልና በምን ጥንቃቄ እንደሚተዳደር እንመለከታለን።

ድምፅ እንዴት የቁጥር እሽግ ይሆናል?

የመደበኛው ስልክ መስመር የሚያስተላልፈው የድምፅ ክልል ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ነው። አንድን ሞገድ ያለ ጥፋት በቁጥር ለመግለጽ በውስጡ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ቢያንስ እጥፍ ያህል ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። በዚህም መሠረት የስልክ ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። ውጤቱ በሰከንድ 64,000 ቢት ሲሆን፣ ጂ.711 በመባል የሚታወቀው የድምፅ አጻጻፍ ደንብ፣ ማለትም ኮዴክ፣ በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው።

ይህ የቁጥር ፍሰት በኔትዎርክ ላይ የሚጓዘው ተቆራርጦ፣ በእሽግ በእሽግ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ እሽግ የ20 ሚሊሰከንድ ንግግር፣ ማለትም 160 ባይት ይይዛል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ላኪውን፣ ተቀባዩንና ተራ ቁጥሩን የሚገልጽ 40 ባይት ይጨመርበታል። በሰከንድ 50 እሽጎች ስለሚላኩ፣ ጥሪው በአንድ አቅጣጫ የሚወስደው 64 ሳይሆን 80 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል። ጂ.729 የተባለው ኮዴክ ድምፁን ጨምቆ ወደ 8 ኪሎቢት ያወርደዋል፤ ሆኖም አድራሻው እዚያው 40 ባይት ስለሆነ ጠቅላላው ፍጆታ 24 ኪሎቢት ነው። እዚህ ላይ ፖስታው ከደብዳቤው እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። መስመር ለመግዛት የሚያቅድ ሰው ይህን የአድራሻ ክብደት ካልቆጠረ ስሌቱ ይፋለስበታል።

ማንኛውም የኔትዎርክ ጥሪ ሁለት ጉዞዎች አሉት። የመጀመሪያው የመልእክት ልውውጥ ሲሆን የሚመራውም ሲፕ በተባለ ፕሮቶኮል ነው። ደዋዩ ስልክ ግብዣ ይልካል፤ ማዞሪያው ግብዣውን ለተጠሪው ያደርሳል፤ ተጠሪው በመጀመሪያ “እየጠራሁ ነው”፣ ሲነሣ ደግሞ “እሺ” ብሎ ይመልሳል፤ ደዋዩ “ደርሶኛል” ይላል። ንግግሩ ሲያልቅ አንደኛው ወገን የስንብት መልእክት ይልካል። ሁለተኛው ጉዞ የድምፁ ሲሆን አር.ቲ.ፒ በተባለ ሌላ ፕሮቶኮል፣ በሌላ በር ያልፋል። ጀማሪ አስተዳዳሪዎችን አዘውትሮ የሚያስቸግረው ችግር የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ስልኩ ይጠራል፣ ይነሣል፣ ነገር ግን አንደኛው ወገን ብቻ ይሰማል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎሉ ለመልእክቱ በር ከፍቶ ለድምፁ መዝጋቱ ወይም አድራሻ ለዋጩ መሣሪያ የተሳሳተ አድራሻ ማስተላለፉ ነው።

ዩኒክስና አስቴሪስክ

ዩኒክስ ከስልክ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ይህን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጀመሩት በቤል ላቦራቶሪ ነበር፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የአሜሪካው ግዙፍ የስልክ ኩባንያ የኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ የምርምር ክንፍ ነበር። ብዙ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ማከናወን፣ ለወራት ሳይጠፋ መሥራትና እያንዳንዱን ተጠቃሚ በፈቃዱ ልክ መገደብ የዩኒክስ ጠባዮች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ከስልክ ማዞሪያም የሚጠበቁ ናቸው። ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊኑክስ እየተስፋፋ ሲመጣ የዩኒክስ አሠራር በርካሽ ኮምፒዩተሮች ላይም ተዳረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ድጋፍ የሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ለድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ ለመግዛት ቢያስብም ዋጋው ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ራሱ ጻፈው። ስሙንም አስቴሪስክ አለው፤ ቃሉ በስልክ ቁልፎች ላይ የምናየው የኮከብ ምልክት መጠሪያ ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ለማንም ክፍት ስለሆነ ማየት፣ መለወጥና ማባዛት ይቻላል። የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ስፔንሰር የመሠረተው ዲጂየም የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳው ሳንጎማ ተገዛ። ፍሪስዊችና ካማይሊዮ የተባሉ ሌሎች ክፍት ሶፍትዌሮችም አሉ፤ እኛ ግን ለመማር የሚያመቸውን አስቴሪስክን እንከተላለን።

ምሳሌ ከየካ፦ ኮረብታው፣ ባሕር ዛፉና ሳተላይቱ

በምናባችን አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ዋናው ግቢ ኮተቤ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ይገኛል። በሁለቱ ግቢዎች በድምሩ 60 ስልኮች ያስፈልጋሉ፤ ቀጥታ ርቀቱም 6 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሰርቨሩ ኮተቤ ይቀመጣል። ጥያቄው የላይኛው ግቢ ከእርሱ ጋር በምን ይገናኝ የሚለው ነው።

አንደኛው አማራጭ የሬዲዮ መስመር ነው። የሬዲዮ ሞገድ 6 ኪሎ ሜትሩን የሚያቋርጠው በ20 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ ርቀቱ የሚፈጥረው መዘግየት ከቁጥር አይገባም። አሥር ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢነጋገሩ በጂ.711 ስሌት በእያንዳንዱ አቅጣጫ 800 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል። አስቸጋሪው የመሬቱ አቀማመጥና ዛፉ ነው። ሁለት አንቴናዎች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም፤ ሞገዱ በመካከላቸው እንደ ረጅም እንቁላል ያበጠ ነፃ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ቦታ የፍሬኔል ቀጠና ይባላል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ የ6 ኪሎ ሜትር መስመር የቀጠናው ሬዲየስ በመሐል ላይ 9 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም ከ5 ሜትር በላይ የሚሆነው፣ ከእንቅፋት የጸዳ መሆን ይኖርበታል።

በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ የእንጦጦ ገጽታ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ካደገም 30 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ጥርት ብሎ የሚሠራ መስመር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያለ አንዳች ብልሽት ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። የመስመር ቅየሳ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ ሥራ ነው። ሬዲዮ ከመትከል በፊትም የድግግሞሽ አጠቃቀም ፈቃድን ማጣራት የግድ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ሳተላይት ነው። ይህን መንገድ አገራችን በሰፊው ሞክራዋለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ወረዳኔት የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይትና በምድር መስመሮች ሲያገናኝ፣ ከቪዲዮ ስብሰባና ከኢንተርኔት ጎን ለጎን በኔትዎርክ የሚጓዝ ድምፅም ከአገልግሎቶቹ አንዱ ነበር። ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩት የመገናኛ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛሉ። ሞገዱ ወጥቶ እስኪወርድ ቢያንስ 71,572 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በብርሃን ፍጥነት 240 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ግን ለምቹ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። አንድ ወረዳ ከሌላ ወረዳ ጋር በማዕከል በኩል ሁለት ጊዜ ሳተላይት እየነካ ቢነጋገር መዘግየቱ 480 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም “ሃሎ” ብለው፣ ሁለቱም ዝም ብለው፣ እንደገና ሁለቱም አብረው መናገር ይጀምራሉ። ጉድለቱ የሶፍትዌሩ አይደለም፤ የርቀቱ ነው። እንግዲህ ለየካው ትምህርት ቤታችን የሬዲዮ ወይም የፋይበር መስመር ይመረጣል።

ተከላው

የአስቴሪስክ ተከላ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በሰርቨሩ ላይ ዴቢያን ወይም ፍሪቢኤስዲን የመሰለ የተረጋጋ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጫናል። የማያስፈልጉ አገልግሎቶች ሁሉ ይዘጋሉ። ሰርቨሩ የማይለዋወጥ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ሰዓቱም ከትክክለኛ የሰዓት ሰርቨር ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል። ሰዓቱ የተዛባ ማዞሪያ የጥሪ መዝገቡ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ሁለተኛ፣ የፕሮግራሙ ምንጭ ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ ይወርዳል። የወረደው ፋይል ያልተነካካ መሆኑ በፊርማው ይረጋገጣል። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ዕትም መምረጥ ይገባል፤ አዲስ ነገር ለማየት ተብሎ የሥራ ማዞሪያ በየጊዜው አይገለባበጥም።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ በዩኒክስ ልማድ ይዋቀራል፣ ይጠናቀራል፣ ይጫናል። በዚህ ደረጃ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ብቻ መምረጥ ይቻላል። ለሲፕ ስልኮች ፒ.ጄ.ሲፕ የተባለው ክፍል ይመረጣል። ብዙ የቆዩ መመሪያዎች የሚጠቅሱት አሮጌው የሲፕ ክፍል ከ21ኛው ዕትም ጀምሮ ከፕሮግራሙ ስለወጣ፣ መጽሐፍ ይዞ የሚሠራ ተማሪ የመጽሐፉን ዕድሜ ማየት አለበት።

አራተኛ፣ አስቴሪስክ በሥር ተጠቃሚው፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው የሩት ሥልጣን እንዳይሠራ የራሱ የተጠቃሚ ስም ይከፈትለታል። አንድ ሰርጎ ገብ ማዞሪያውን ቢጥስ እንኳ ጠቅላላ ሰርቨሩን መውረስ የለበትም።

አምስተኛ፣ ፋይሎቹ የት እንደሚቀመጡ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ዩኒክስ ሥርዓት ማስተካከያዎቹ በኢቲሲ ማኅደር፣ የጥሪ መዝገቦቹና የድምፅ መልእክቶቹ ደግሞ በቫር ማኅደር ሥር ይገኛሉ። ማስተካከያዎቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ስለሆኑ በማንኛውም አርታኢ ይከፈታሉ፤ የለውጣቸውን ታሪክ መመዝገብም ይቻላል።

የጥሪ ዕቅድ፦ የማዞሪያው አእምሮ

የማዞሪያው ትልቁ ፋይል የጥሪ ዕቅዱ ነው። እዚህ ላይ “ይህ ቁጥር ሲደወል ይህን አድርግ” የሚሉ ትእዛዞች በቅደም ተከተል ይጻፋሉ። ስልኮቹ በቡድን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚደርስበት የቁጥር ክልል ይወሰንለታል። በምሳሌያችን ለአስተዳደር ከ100 ጀምሮ፣ ለመምህራን ከ200 ጀምሮ፣ ለእንጦጦው ቅርንጫፍ ከ300 ጀምሮ እንስጥ። ወደ ውጭ ለመደወል በብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደተለመደው መጀመሪያ 9 ይጫናል እንበል።

አደጋው የሚደበቀው በዚህች በምትመስል ቀላል ውሳኔ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ናቸው። ሦስቱም በ9 ይጀምራሉ። የጥሪ ዕቅዱ “9 ከተጫነ 9ን ቆርጠህ ቀሪውን ወደ ውጭ ላክ” ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሌሊት የታመመ ሰው የያዘ ዘበኛ 907 ሲደውል ማዞሪያው 07 ብሎ ይልካል። አምቡላንሱ አይመጣም፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ ስሕተት ተብሎ የሚታይ ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟልና። መፍትሔው ቀላል ነው። አስቴሪስክ በትክክል የተጻፈ ቁጥርን ከአጠቃላይ ንድፍ ያስቀድማል። ስለዚህ ሦስቱ ቁጥሮች አንድ በአንድ ተጽፈው፣ ከየትኛውም ስልክ፣ ያለ ምንም ቅድመ ቁጥርና ያለ የይለፍ ቃል እንዲያልፉ መደረግ አለባቸው። 9 ጨምሮ ለሚደውልም፣ ማለትም 9907 ለሚለው፣ እንዲሁ ይፈቀዳል።

ከዚሁ ጋር የቦታ ጉዳይ አለ። የእንጦጦው ቅርንጫፍ ጥሪ ወደ ውጭ የሚወጣው በኮተቤ መስመር ከሆነ፣ የሚታየው ቁጥር የኮተቤው ነው። እሳት አደጋ መኪናው ወደ ታችኛው ግቢ እንዳይሄድ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ የቦታው ስም ተጽፎ ይለጠፍ፤ ደዋዩም በመጀመሪያ የሚናገረው ያንን ይሁን። የሬዲዮ መስመሩ ሲቋረጥ ለመጠባበቂያ ቢያንስ አንድ በቀጥታ ከሕዝብ ኔትዎርክ ጋር የተገናኘ ስልክ በላይኛው ግቢ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ወጥመድ የውጭ አገር ጥሪ ነው። የአገር ውስጥ ቁጥር በ0 ይጀምርና በድምሩ አሥር አሐዝ ይሆናል፤ ዓለም አቀፍ ጥሪ የሚጀምረው በ00 ነው። “9፣ ቀጥሎ 0፣ ቀጥሎ ማንኛውም ነገር” የሚል ንድፍ የጻፈ አስተዳዳሪ ሳያውቀው ዓለምን ሁሉ ከፍቷል። ትክክለኛው ንድፍ “9፣ ቀጥሎ 0፣ ቀጥሎ ዜሮ ያልሆነ አሐዝ፣ ቀጥሎ ስምንት አሐዞች” የሚለው ነው።

ሰዓቱና ቋንቋው

ማዞሪያው በሥራ ሰዓትና ከሥራ ውጭ የተለያየ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል የሚሠራ ቢሮ በፋይሉ ላይ ከ8፡30 እስከ 17፡30 ተብሎ ይጻፋል። በዓላትም እንዲሁ ናቸው። መስቀል ዘወትር መስከረም 17 ቢሆንም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መስከረም ወር ላይ 27ኛው ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ግን 28ኛው ቀን ላይ ይውላል። አንድ ጊዜ ጽፎ መርሳት አይቻልም።

የአማርኛ ድምፅ መቅረጽም ደስ የሚል የተማሪዎች ሥራ ነው። ቁጥሮችን ለማንበብ በጣም ጥቂት ቅጂዎች ይበቃሉ፤ ዜሮ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት ስምንት አሥሮች፣ መቶና ሺህ። አሥር ግን ሁለት ቅጂ ይፈልጋል። ብቻውን ሲሆን “አሥር”፣ ሌላ ሲከተለው “አሥራ” ስለሚባል ነው። በድምሩ 22 አጫጭር ቅጂዎች፣ በሰከንድ 8,000 ልኬትና በ16 ቢት ተቀድተው፣ ከዜሮ እስከ 999,999 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ያነባሉ።

ስንት የውጭ መስመር?

ለ60 ስልኮች 60 የውጭ መስመር መከራየት ብክነት ነው። ይህን ጥያቄ በሒሳብ የፈታው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ሲሆን ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1917 አሳተመ። ሥራ በሚበዛበት አንድ ሰዓት ውስጥ 40 የውጭ ጥሪዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ ጠቅላላው 120 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ለ60 ደቂቃ ብናካፍል 2 ኤርላንግ እናገኛለን፤ ይህም በአማካይ ሁለት መስመር ዘወትር ተይዟል ማለት ነው። ሁለት መስመር ብቻ ቢኖር በቀመሩ መሠረት ከመቶ ጥሪዎች 40ው “መስመሩ ተይዟል” ይባላሉ። በአራት መስመር ከ10 በመቶ በታች፣ በአምስት 4 በመቶ ያህል፣ በስድስት ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ስድስት መስመር ይበቃል። ከስድስቱ አንዱን ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ብቻ መተው ብልህነት ነው፤ ያኔ ለተራው ጥሪ የሚቀሩት አምስት ናቸው።

የዕለት ተዕለት አስተዳደር

የጥንቱ የመዳብ ስልክ መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር፤ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው መስመር፣ ከስልክ ጣቢያው የ48 ቮልት ባትሪዎች ነበርና። የሲፕ ስልክ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሰርቨሩ 60 ዋት፣ አስፈላጊ የሆኑ 24 ስልኮች በአማካይ 5 ዋት ሒሳብ 120 ዋት፣ የሬዲዮና ሌሎች መሣሪያዎች 20 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 200 ዋት ነው። ለአራት ሰዓት 800 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የመለወጫው ብክነት ሲታሰብ 1,000፣ ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ሲደረግ ደግሞ 2,000 ይሆናል። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች 2,400 ስለሚይዙ ይበቃሉ። በእርግጥ በሁለቱ ግቢዎች መካከል በድርሻ መከፋፈል አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ለኢንተርኔት የተጋለጠ የሲፕ ሰርቨር ብዙ ሳይቆይ የይለፍ ቃል በሚገምቱ ፕሮግራሞች ይጎበኛል። የስልኩ ቁጥር 201 ሆኖ የይለፍ ቃሉም 201 ከሆነ፣ ሰርጎ ገቦች ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውድ የውጭ አገር ቁጥሮች ሲደውሉ ያድራሉ፤ ሒሳቡ የሚመጣው ለትምህርት ቤቱ ነው። መከላከያው የታወቀ ነው፤ ረጃጅም የዘፈቀደ የይለፍ ቃሎች፣ ስልኮቹን ከተማሪዎች ኮምፒዩተሮች የሚለይ የራሳቸው ኔትዎርክ፣ ከውጭ የሚመጣን ሁሉ የሚዘጋ ፋየርዎል፣ ደጋግሞ የሳተን አድራሻ የሚያግድ ፕሮግራም፣ እንዲሁም የጥሪ መዝገብን በየጠዋቱ የማየት ልማድ።

ሦስተኛው ምሥጢር ጥበቃ ነው። አስተዳዳሪው ማን ለማን፣ መቼና ለስንት ደቂቃ እንደደወለ ያያል፤ ቢፈልግ ንግግሩንም መቅዳት ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በዚህ መስክ ግዴታ ጥሏል። ስለዚህ ቅጂ ማን እንደሚፈቅድ፣ መዝገቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ማን እንደሚያየው አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ይገባዋል።

አራተኛው ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። መንግሥት በወረዳኔት ድምፅን በኔትዎርክ ሲያስተላልፍ በዚያው ዘመን ለሕዝቡ የተከለከለ ነበር ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 761/2004ም በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አድርጎ ደነገገ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ዘርፉን ለውድድር ከፈተ። በአንድ ግቢ ውስጥ የውስጥ ስልኮችን ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ የውጭ አገር ጥሪን ተቀብሎ ለሌላ ማሻገር ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም በእኩል ቅለት ስለሚሠራ ልዩነቱን ማወቅ ያለበት ሰውየው ነው። ሁለት ግቢዎችን የሚያገናኝ ወይም ከሕዝብ መስመር ጋር የሚያያይዝ ተቋም፣ ፈቃድ ካለው አገልግሎት ሰጪ መስመር ይውሰድ፤ ወቅታዊውን መመሪያም ከባለሥልጣኑ ይጠይቅ።

ማዞሪያው ተከልቷል የሚባለው መቼ ነው?

ስልኮቹ እርስ በርስ መጠራራታቸው የተከላው ማለቂያ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይወሰዳል። ከላይ ያየነው ሁሉ የሚያመለክተው ግን ሌላ መመዘኛ እንደሚያስፈልግ ነው። ለአስተዳዳሪው የሚቀርቡት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ዋናው የመብራት ማብሪያ ቢጠፋ ስልኮቹ ለአራት ሰዓት ይሠራሉን? ከሁለቱም ግቢዎች 991፣ 939 እና 907 ሲደወል ሦስቱ አሐዞች ሳይቆረጡ ይወጣሉን? ይህን ለመፈተሽ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን ማወክ አያስፈልግም፤ ለሙከራው ጊዜ ጥሪዎቹ ወደ አንድ የውስጥ ስልክ እንዲዞሩ አድርጎ በመዝገቡ ላይ የወጣውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ ሙከራው እንዳለቀ መመለሱን ማረጋገጥ ግን አይረሳ። የማስተካከያ ፋይሎቹ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ተቀምጦ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሥራ መጀመሩ ታይቷልን? በመጨረሻም አስተዳዳሪው በሌለ ጊዜ ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችል ሁለተኛ ሰው አለን?

ለአራቱም መልሱ “አዎን” ከሆነ፣ ማዞሪያው በእርግጥ ተተክሏል። ከአራቱ አንዱ “አይደለም” ከሆነ፣ የቀረው ሥራ የፕሮግራም ሳይሆን የጥንቃቄ ሥራ ነው፤ ይህንንም አንድ የሳይንስ ተማሪ ባለው ዕውቀትና በአንድ ቅዳሜ ሊያጠናቅቀው ይችላል።